አባቴ የማያውቀው አባባል

አባዬ በሁለት ነገር ይኮራል። አንደኛው ከአባቱ የወረሰው ማተሚያ ቤት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እሱ ያልሰማው ምሳሌያዊ አባባል በምድር ላይ አለመኖሩ ነው።

ማተሚያ ቤታችን በየዓመቱ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል የቀን መቁጠሪያ ያወጣል። በቀን አንድ ቅጠል ይቀደዳል፤ በእያንዳንዱ ቅጠል ጥግ ላይ ከአንድ ጀምሮ የሚቆጠር የቀን ቁጥር አለ፤ መሃል ላይ ደግሞ አንድ የአባቶች አባባል። ሁሉንም የሚመርጠው አባዬ ነው። ለምርጫው የማይነቃነቅ ሕግ አለው፤ አንድ አባባል እርስ በርስ ከማይተዋወቁ ከሦስት ሰዎች አፍ ካልተሰማ አይታተምም። የሦስቱን ሰዎች ስም በካርድ ላይ ጽፎ በእንጨት መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል፤ የመሳቢያውን ቁልፍ ለእማዬ እንኳ አይሰጥም።

“እኔን እንኳ ስታገባ ሦስት ምስክር አልጠየቅህም” ትለዋለች እማዬ።

ሁልጊዜ ቁርስ ላይ፣ ሻዩ ከመቀዳቱ በፊት፣ አባዬ ይነሣና ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ የዕለቱን ቅጠል ይቀድዳል። መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልናል። ያለዚያ ቁርስ የለም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖርነው።

ያ ሰኞ ግን አባዬ ቅጠሏን ቀደደ፣ መነጽሩን አወረደ፣ አፉንም ከፈተ፤ ግን አላነበበም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። መልሶ አደረገና እንደገና አየ። ከዚያ ቅጠሏን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና ተቀመጠ።

“ምነው፣ ምክር አለቀ እንዴ?” አለችው እማዬ።

“ሻይ ቅጂ” አላት።

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ምን ሆነ ብዬ እጨነቅ ነበር። ያን ዕለት ግን የማንም ነገር አልታየኝም። የራሴን ቅጠል ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ቀድጄ ያነበብኩት ገና ከአሥር ደቂቃ በፊት ነበር፤ ዳቦዬን ሳልበላው ስቆራርስ ተቀመጥኩ።

*

እኔ የማተሚያ ቤቱ አራሚ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁ ዓመት አባዬ በመስኮት አጠገብ ያለችውን ጠረጴዛ ሰጠኝ፤ አንድ ሳጥን ቀይ እርሳስም ጨመረልኝ። በዚህ ቤት የሚታተም ወረቀት ሁሉ፣ የሠርግ ጥሪም ይሁን የመድኃኒት መግለጫ፣ በእኔ ጠረጴዛ ያልፋል። ስህተቱ ተለቅሞ ሲያልቅ ከግርጌው “ይታተም” ብዬ እፈርማለሁ። ያ ቃል ካልተጻፈ ማሽን አይነሣም፤ ከተጻፈ በኋላ ደግሞ አንዲት ፊደል የነካ ሰው ከቤቱ ይወጣል። ይህም የአባዬ ሕግ ነው።

ሠራተኞቹ ፊት ለፊት ሲያገኙኝ “እህታችን” ይሉኛል። ዞር ስል “ቀይ እርሳስ” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልከፋኝም። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል፣ እርሳሴ እንኳ ስም ካወጣልኝ ጥሩ ነው።

እሱን ደግሞ “ሙጫ” ይሉታል። ጠራዥ ነው። ከጠረጴዛዬ ጀርባ ባለው ሰፊ ክፍል፣ የታተመውን እያጠፈ፣ እየሰፋ፣ እየለጠፈ ይውላል። ስሙ የወጣለት ሥራው ላይ ከተጣበቀ ስለማይላቀቅ ነው፤ የሚያወራውም ሙጫ እስኪደርቅ ድረስ ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ፣ ሁለት ታናናሾቹን በዚህ እጁ አስተምሯል። ይህን የነገረኝ እሱ አይደለም፤ ማሽኒስቱ ነው።

መጀመሪያ ሲያናግረኝ “እርስዎ” ይለኝ ነበር። ተው ብዬ ለመንኩት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንቺም እርስዎም ሳይል፣ “ወረቀቱ ተነቧል?” “ፊርማው አልቋል?” እያለ ዙሪያውን ሲዞር ከረመ። በመጨረሻ አንድ ቀን “ደከመሽ?” አለኝ። አንዲት ቃል ናት። ቤት እስክገባ ድረስ ይዣት ሄድኩ።

ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ከቀን መቁጠሪያው አንድ ቅጠል ይዞ ይመጣል። “ይህች አባባል ምን ለማለት ነው?” ይለኛል። እኔም ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ሁሉ አወጣና አስረዳዋለሁ። እያዳመጠኝ ፈገግ ይላል። አንድ ቀን የብረት ፊደል እየለቀሙ ለማተሚያ የሚደረድሩት ሽማግሌው ፊደል ለቃሚ ከጥግ ሆነው ሳቁ።

“ልጄ፣ ይህ ልጅ እኮ ከአባትሽ ቀጥሎ አባባል የሚያውቅ ሰው ነው። ለካርዱ ሦስተኛ ሰው ሲጠፋ አባትሽ የሚጠይቀው ማንን መሰለሽ?”

እሱ እስከ ጆሮው ቀላ። እኔም ቀላሁ። ከዚያ በኋላ ግን መጠየቁን አልተወም፤ እኔም ማስረዳቴን አልተውኩም።

የዘንድሮው የቀን መቁጠሪያ ተጠርዞ ያለቀ ዕለት፣ በካኪ ወረቀት የጠቀለለውን አንድ ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ዙሪያውን ቃኝቶ ዝቅ ብሎ ተናገረ።

“ይህ ያንቺ ነው። ሁለት መቶ አራተኛው ቀን ላይ የምልሽ ነገር አለ። ከዚያ በፊት እንዳታገላብጪው።”

“ለምን ሁለት መቶ አራት?”

“ያኔ ትደርሺበታለሽ። ቃል ግቢልኝ።”

ቃል ገባሁ። ሁለት መቶ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ሰው ላያምነኝ ይችላል፤ አንድም ቀን ግን አላጮለቅሁም።

ያ ሰኞ ጠዋት የቀደድኩት ቅጠል ላይ የነበረው አባባል ግን፣ ሰው ልኩን እንዲያውቅና ከአቻው ጋር ብቻ እንዲውል የሚመክር ነበር። ራሴ አርሜ “ይታተም” ብዬ የፈረምኩበት አባባል። ከዚያ ሁሉ ቅጠል መርጦ፣ አባቶች በእሱ ፋንታ እንዲናገሩለት ማድረጉ ነው አልኩ። በጨዋነት፣ ማንም ሳይሰማ፣ በቃሽ ማለቱ ነው።

ቀይ እርሳሴን ቀርጬ ቀርጬ ግማሽ አደረስኩትና፣ ያን ቀን ወደ ጠራዡ ክፍል አልሄድኩም። በማግስቱም አልሄድኩም።

*

ሐሙስ ዕለት እማዬ የአባዬን ኮት ማተሚያ ቤታችን ፊት ለፊት ወዳለው ልብስ ሰፊ ይዤ እንድሄድ ላከችኝ። ልብስ ሰፊውና ሚስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው የሚሠሩት። ባለፈው ሳምንት እሱ የአንድ ደንበኛ ሱሪ አንዱን እግር አሳጥሮ ቆርጦ፣ እሷ በሰው ፊት ስለነገረችው ተኳርፈው ነበር። መቀሱን እንኳ የሚቀባበሉት በእኛ በኩል ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ ግን ሚስትየው ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ታዜማለች።

“ታረቃችሁ?” አልኳት ቀስ ብዬ።

“ምን ላድርግ? አባትሽ አንዲት አባባል አስተማረውና መጥቶ አፈሰሰብኝ። እስቲ በላት፣ አንተ!”

ልብስ ሰፊው መርፌውን ከከንፈሩ ላይ አነሣ። “ልበላት?”

“በላት፣ በላት። የተማረች ልጅ ናት፣ ትስማ።”

ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። “የምታርመኝ እጅ ካለችልኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ብሳሳት አይቆጨኝም።”

“ይኸው” አለች ሚስትየው፣ ዓይኗ እርጥብ ብሎ። “በዚህ ላይ ምን ይባላል? ሱሪውን ራሴ አስተካከልኩለት።”

እኔ ኮቱን እንደ ያዝኩ ቆምኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የዚያች አባባል ድምፅ ከዚህ በፊት የማውቀው ሰው ድምፅ መሰለኝ። እንዲህ የሚል ሰው ያላት ሴት ታድላ፣ አልኩ በልቤ፤ መንገዱን ስሻገር መኪና ጡሩንባ ነፋብኝ።

ማተሚያ ቤት ስገባ ማሽኒስቱ ለወረቀት አመላላሹ ያችኑ አባባል ሲደግምለት ሰማሁ። “ጋሼ ያመጧት ናት፣ አዲስ ናት” ይለዋል። ከጠራዡ ክፍል መስታወት ወዲያ ደግሞ፣ እሱ፣ እጁ ሙጫው ላይ ቀርቶ ቀጥ ብሎ እኔን ያያል። ከዚህ በፊት እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። የተከፋ ልጅ ዓይን ነበር።

ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። በዚያ ሳምንት የመጀመሪያው ነው።

“ካነበብሽው በኋላ ዝም ብትዪኝ ይገባኝ ነበር” አለኝ በሹክሹክታ። “መብትሽ ነው። ለሰው ማውራትሽ ግን...”

“ለማንም አላወራሁም” አልኩት። እውነቴን ነው። ልቤ እንደተሰበረ ለማን ብዬ አወራለሁ?

“ሰፈሩ ሁሉ እያወራው?”

ሰፈሩ ሁሉ እኔን እንደማይፈልገኝ የሚያወራ መሰለኝ። ፊቴ ነደደ። “ሰፈሩ የሚያወራው አይመለከተኝም። አንተ ያልከውን ብለሃል፣ እኔም አንብቤዋለሁ። በቃ።”

“በቃ?”

“በቃ።”

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እጁን በሽርጡ ጠረገና ሄደ። እኔም ፊቴ ያለውን የሳሙና ማስታወቂያ አምስት ጊዜ አነበብኩት፤ አምስቱንም ጊዜ ሳሙና መሆኑን አላወቅሁም።

*

በእኛ ማተሚያ ቤት ሠራተኛ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ለባንክም ይሁን ለፍቅረኛ፣ መጀመሪያ እኔ ጋ ያመጣዋል። “እህታችን፣ እስቲ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት” ይላሉ። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ፊደል ለቃሚ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሲያቀብሉኝ ምንም አልጠረጠርኩም።

“የሙጫ ነው። ራሱ ሊያመጣው አልፈለገም።”

ከፈትኩት። በዚያ በረጋ እጁ፣ በአምስት መስመር፣ ለአባዬ የተጻፈ የሥራ መልቀቂያ ነበር። ሌላ ከተማ አንድ ማተሚያ ቤት ጠራዥ እንደሚፈልግ፣ ከነገ በስተቀር ሌላ የሚሠራው ቀን እንደማይኖር፣ ለተደረገለት ደግነት ሁሉ አመስጋኝ መሆኑን ይገልጻል።

ስህተት ፈለግሁበት። እውነቱን ልናገር፣ ስህተት እንዲኖርበት ለመንኩ፤ አርሜ፣ መልሼ፣ እንደገና ጽፎ፣ እንደገና አርሜ፣ እንዲያው ሳምንት እንዲፈጅ። አንዲት የተዘለለች ፊደል ብቻ አገኘሁ። አስገባኋት።

“ምን አለ?” አሉኝ ሽማግሌው።

“ምንም። ተስተካክሏል።”

መነጽራቸውን ገፍተው አዩኝ። “አይ ልጄ” አሉ፤ “እንደዚህ ተሳስተሽ አይቼሽ አላውቅም።” ወረቀቱን ይዘው ወደ አባዬ ክፍል ሄዱ።

ያን ቀን ቀይ እርሳስ በእጄ መያዝ አስጠላኝ።

*

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አባዬ ማሽኖቹ ሁሉ እንዲጠፉ አዘዘ። ይህ ከዚያ በፊት ሲሆን አላስታውስም። ማተሚያ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ የግድግዳውን ሰዓት ድምፅ ያን ቀን ገና ሰማሁት።

ሁላችንም በጠራዡ ክፍል ተሰበሰብን። እማዬ እንኳ ትዕዛዝ ከምትቀበልበት ጠረጴዛ ተነሥታ መጥታ፣ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆመች። እሱ ከሥራ ጠረጴዛው ጀርባ ነበር፤ መርፌዎቹን፣ ወረቀት ማጠፊያ አጥንቱን፣ የክር ድውሮቹን በቦርሳው ውስጥ ደርድሮ ጨርሷል።

አባዬ ከደረት ኪሱ አንዲት የታጠፈች ቅጠል አወጣ።

“አምስት ቀን ሙሉ የዚህችን አባባል ባለቤት ስፈልግ ነበር” አለ። “ሰኞ ጠዋት ከቤቴ ግድግዳ ላይ ቀደድኳት። አላወቅኋትም። እኔ! አርጅቼ ነው፣ ረስቼ ነው ብዬ መሳቢያዬን ገለበጥኩ፤ ካርድ የላትም። ሽማግሌዎች ጠየቅሁ፤ አልሰማንም አሉ። ደስ ስላለችኝ ግን ለሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ነገርኩ፤ ምናልባት አንዱ ‘እኔም ሰምቻት ነበር’ ይለኛል ብዬ። በመጨረሻ ትናንት፣ የተፈረመበትን ወረቀት አውጥቼ ሳይ፣ በዚህ ቀን ላይ ያለው ሌላ አባባል ነው።”

ማሽኒስቱ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

“ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ‘ይታተም’ ከተባለ በኋላ በቤቴ አንድ ቅጠል ተለውጧል።” ቅጠሏን ዘረጋ። መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ። እንደ ቁርስ ሰዓቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። “ቀን ሁለት መቶ አራት። ‘የምታርመኝ እጅ ካለችልኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ብሳሳት አይቆጨኝም።’”

ሁለት መቶ አራት።

ከዚያ በኋላ አባዬ ምን እንደተናገረ አልሰማሁም። ዓይኔ የክር ድውሮቹ ላይ ነበር። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፤ ከጥግ አንዲት ቀይ። የሳሎናችን የቀን መቁጠሪያ አናቱ ላይ የተሰፋበት ክር ቀይ እንደሆነ፣ ሁለት መቶ ቀን ሙሉ ዳቦ እያኘክሁ ሳየው እንደኖርኩ፣ የኔው ክፍል ያለው ግን ነጭ እንደሆነ፣ ያኔ ብቻ ነው የገባኝ።

“እማዬ” አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። “ለቤትና ለእኔ ያመጣኋቸውን ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች ከቦርሳዬ አውጥተሽ የሰቀልሻቸው አንቺ ነሽ?”

“እና ማን ሊሰቅል? አንቺማ እጄን ልታጠብ ብለሽ እንደገባሽ ቀረሽ።”

“ካኪ ወረቀት የተጠቀለለውን...”

“ቀይ ክር ያለውን? እሱን ሳሎን አደረግሁት፣ ከመጋረጃው ጋር ይሄዳል ብዬ። ምነው?”

ከጠረጴዛው ጀርባ አንድ ነገር ወደቀ። መቀሱ ነበር። ቀና ስል ዓይኖቻችን ተገናኙ፤ ከፊቱ ላይ አምስት ቀን ተኝቶበት የነበረው ነገር ሲነሣ አየሁት። እኔ እንዳላነበብኩት አወቀ። እኔም እሱ ያን ሌላውን እንዳላለኝ አወቅሁ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ማንም ሳያየን፣ ሁለታችንም እንደ ሞኝ አፋችንን ከፍተን ቀረን።

አባዬ ግን ገና ሕጉ ላይ ነበር። “ማን ነው ያደረገው?”

“እኔ ነኝ፣ ጋሼ” አለ እሱ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። “በእግር በሚረገጠው በድሮው ማተሚያ፣ ፊደሉን በእጄ ለቅሜ፣ አንዲት ቅጠል ብቻ ነው ያተምኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ደብዳቤዬንም አስገብቻለሁ።”

“አባባሉንስ ከማን ሰማኸው?”

“ከማንም አልሰማሁትም።”

“ታዲያ?”

“ሲጨንቀኝ ያልኩት ነው።”

“ለማን ብለህ?”

ወደ እኔ አላየም። ሊያየኝ እንደፈለገ፣ እንዳላየኝም፣ ከአንገቱ አወቅሁ። “ለማንም፣ ጋሼ። እንዲሁ ስህተት ነው።”

ሕይወቴን ሙሉ ሌላ ሰው የሚናገርበትን ቦታ እየጠበቅሁ ኖሬያለሁ። ትምህርት ቤት መልሱን እያወቅሁ እጄን አላነሣም ነበር። የተመረቅሁ ዕለት ስሜ ሲጠራ እንኳ ከጎኔ ያለችው ልጅ ናት የገፋችኝ። ዛሬ የሚገፋኝ ሰው አልነበረም። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ስንት እርምጃ እንደሆነ አላውቅም፤ ተራመድኩት።

“ለእኔ ነው፣ አባዬ።”

ማሽኒስቱ “እሰይ” አለና አፉን በእጁ ያዘ።

“ለእኔ ነው የጻፈው። እኔ ደግሞ እናንተ ያተማችሁትን አንብቤ፣ አልፈልግሽም ያለኝ መስሎኝ አምስት ቀን ሸሸሁት። እሱ ደግሞ ቃሉን ለአንተ ሰጥቼ መሳቂያ ያደረግሁት መስሎት ነው የሚሄደው። ስህተት ካለ የእኔ ነው። አራሚዋ እኔ ነኝ።”

ያን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም። እሱ ወንበር ገፋ አደረገልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

“ለምን ሁለት መቶ አራት?” አልኩት፣ ሰዎቹን ሁሉ ረስቼ።

“አምና በሁለት መቶ አራተኛው ቀን ነው በዚህ በር የገባሽው” አለ። “ሰማያዊ ሹራብ ለብሰሽ ነበር። የሠራሁትን የመጽሐፍ ሽፋን አይተሽ፣ ርዕሱ ተዘቅዝቋል አልሽኝ። ሰው ሁሉ አይቶት አልፎ ነበር።”

እማዬ በሩ ላይ ሆና አፍንጫዋን ሳበች። “እና እኔ ከመጋረጃው ጋር ይሄዳል ብዬ!”

አባዬ ግን አልሳቀም። ቅጠሏን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ለረጅም ጊዜ አያት። የአባዬን ፊት ከልጅነቴ ጀምሮ ሳነበው ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አቃተኝ። ዩኒቨርሲቲ ሲልከኝ ለሰዎች ያወራው ሁሉ፣ ስለሚያገባኝ ሰው የተመኘው ሁሉ በጆሮዬ መጣ። ከአቻ ጋር መዋልን የሚመክረውን አባባል የመረጠው እሱ ራሱ ነው፤ ካርዱ መሳቢያው ውስጥ አለ።

“አንተ” አለው በመጨረሻ። “የተፈረመበትን ሥራ መለወጥ ምን እንደሚያስከትል ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ፣ ጋሼ።”

“እያወቅህ?”

“በአፌ መናገር አልቻልኩም።”

አባዬ መነጽሩን አወለቀ። “እኔ በዚያ መሳቢያ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ካርድ አለኝ” አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። “ግማሹ ከግማሹ ይጣላል። አንዱ ፍጠን ይላል፣ ሌላው ቆይ ይላል። አንዱ እኩያህን ይላል፣ ሌላው ልብህን። አርባ ዓመት ስሰበስብ አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቅሁት ነገር፣ መጀመሪያ ያለው ሰው ማን ነበር የሚለውን ነው። ሦስተኛውን አፍ ስፈልግ፣ የመጀመሪያውን አፍ ረሳሁት።” ቅጠሏን በጣቱ መታ መታ አደረገ። “ሁሉም የአንድ ሰው ጭንቅ ኖሯል ለካ። እንዲህ የተጨነቀ።”

መነጽሩን መልሶ አደረገ።

“ለማንኛውም ሕግ ሕግ ነው” አለና ድምፁን መለሰ። “በዚህ ቤት አራሚዋ ያልፈረመችበት ነገር አይወጣም። ይህች ቅጠል ሳይፈረምባት ወጥታለች።” ቅጠሏን ወደ እኔ ገፋት። ከዚያ ከሌላኛው ኪሱ ሌላ ወረቀት አወጣና ከጎኗ አኖረው። የሥራ መልቀቂያው ነበር። “ይህንንስ አርመሽዋል?”

“አርሜዋለሁ።”

“አንዲት ፊደል አስገብተሽ፣ ስህተቱን አልፈሽዋል። በአንቺ አልጠበቅሁም። እንደገና እዪው።”

ፀጉሬ ውስጥ የሰካሁትን ቀይ እርሳስ አወጣሁ። ደብዳቤውን ከላይ፣ ከአባዬ ስም፣ እስከ ታች፣ እስከ እሱ ፊርማ ድረስ፣ ጥግ ለጥግ በአንድ ረጅም መስመር ሰረዝኩት። ወረቀቱ ትንሽ ተቀደደ።

“አሁን ገና አራሚ ሆነች” አሉ ሽማግሌው ፊደል ለቃሚ።

ቅጠሏን ወደ ራሴ ሳብኩ። ከልማድ የተነሣ ፊደል በፊደል አነበብኳት። የምታርመኝ። እጅ። ካለችልኝ። አንዲቷ ፊደል እግሯ የተሰበረ አሮጌ ፊደል ነበረች፣ ትንሽ ወደ ጎን ዘመም ያለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከብቤ፣ ትለወጥ ብዬ እመልሳት ነበር። አልነካኋትም። እንዲህ ዘመም ብላ ነው ሁለት መቶ ሦስት ቀን እኛ ግድግዳ ላይ፣ ከሌሎቹ ሥር ሆና፣ የጠበቀችኝ።

ከግርጌዋ “ይታተም” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

“ለሚመጣው ዓመት ትገባለች” አለ አባዬ፣ መነጽሩን እየጠረገ። “ልብስ ሰፊው፣ ሚስቱ፣ ማሽኒስቱ። ሦስት አፍ ሞልቷል።”

“እነሱ እኮ ይተዋወቃሉ” አለችው እማዬ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ እንኳ ተዪኝ!”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማሽኒስቱ ማሽኑን ሊያስነሣ ሮጠ፤ ሁሉም እየተጋፉ ወደ ሥራቸው ወጡ። እማዬ አባዬን ክንዱን ይዛ ስትወስደው፣ “ደግሞ እስቲ ያቺን ነገር ለእኔ በላት፣ ለሰፈሩ ሁሉ ስታድላት ለእኔ አላልካትም” ስትለው ሰማሁ። አባዬ ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ ዝቅ አድርጎ ነው ያላት።

እሱ ከቦርሳው ውስጥ መርፌዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ወደ ቦታቸው ይመልስ ነበር። ቀይዋን የክር ድውር ሲያገኝ በእጁ ይዟት ቆየ።

“ደከመሽ?” አለኝ።

የዕድሜዬን ቃል ሁሉ ያን ቀን ጨርሼዋለሁ። እጄን ዘረጋሁለት፤ ጣቶቼ ላይ የእርሳሱ ቀለም ነበር፣ ጣቶቹ ላይ ሙጫው ገና አልደረቀም። ማሽኖቹ ተነሡ፣ ወለሉ እንደ ወትሮው ከእግራችን ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እኔ ግን በሕይወቴ ያን ያህል ረግቼ የቆምኩበት ጊዜ አልነበረም።